ከቀኝ የሚከፈት ቦርሳ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4። ከቀኑ 8 ሰ.

ሦስተኛው ቦርሳ፣ አስራ አንደኛ ቀኑ። ስፌቱ ይዟል። ቀለሙ ለቋል፤ የድሪያ ቀሚሴ ኪስ ውስጡ ቡናማ ሆኗል። ላብ ሲነካው ሽታው ይነሳል። ቦርሳ ሳይሆን ፍየል ይዤ የምዞር ይመስለኛል።

ደብተር፣ አንተ የተሰጠኸኝ ለዚህ ነው። የቦርሳ ነውር እንድጽፍብህ። የሰጡኝ አጎቴ ሙክታር ናቸው። (ከዚህ በኋላ አ.ሙ.። ቀለም አላባክንላቸውም።) ደንቡ እንዲህ ነው፤ አንዱን ቦርሳ ሦስት ሳምንት ይዤ እዞራለሁ፣ መታወቂያ፣ ሳንቲምና ወረቀት እጨምርበታለሁ፣ እቀመጥበታለሁ፣ ያየሁትን እጽፋለሁ። ማታ ሲገቡ «ደህና ነው?» ይሉኛል። አፌን ሳልከፍት «ደህና ነው፣ አልሃምዱሊላህ» ብለው ራሳቸው ይመልሳሉ። አንተን ገልጠው አይተው አያውቁም። ለዚህ ነው የቦርሳው ነውር ሁለት መስመር፣ የሰው ነውር ሃያ መስመር የሆነው።

ቦርሳው የወንድ የኪስ ቦርሳ ነው። ሞካሪዋ እኔ የሆንኩት ወንድ ጫት ላይ ረስቶት ይመጣል ተብሎ ነው። ሰሚራ ከቤት አትወጣም፣ አትጥለውም አሉ። ከቤት የማይወጣ ሰው ስለ ቦርሳ ምን ያውቃል ብሎ የጠየቀ የለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6። ከጠ. 4 ሰ.

አ.ሙ. ቆዳ ሊቆርጡ ቢላዋ ይስላሉ። ሲስሉ ያፏጫሉ። ሲያፏጩ ዜና አላቸው ማለት ነው።

ዜናው ይኸው። ከአዲስ አበባ ነጋዴ ይመጣል። በዚህ ቅዳሜ አይደለም፣ በሚቀጥለውም አይደለም፣ በ23 ነው። አርባውንም ቦርሳ አይቶ፣ ከወደደ ሁሉንም ይወስዳል፣ ሌላም ያዝዛል። ካልወደደስ? ይህን አክስቴ ነፊሳ ናት የመለሰችው፣ የአ.ሙ. ሚስት። ካልወደደ ይህ ክፍል ለስልክ ጠጋኝ ይከራያል። እኔም ገጠር፣ ሶፊ እሄዳለሁ፣ እህቴ ራህመት ጋ። አራተኛዋን ወልዳለች፣ ሰው ያስፈልጋታል አለች። ይህን ስትል የምትለቅመውን ምስር ቀና ብላ አላየችም።

ክፍሉን ላስረዳህ፣ አንተ የምታየው ጭኔን ብቻ ነውና። ጀጎል ውስጥ፣ የቤታችን የፊት ክፍል። አ.ሙ. ዕድሜ ልካቸውን እዚህ ቁርአንና የሃይማኖት መጽሐፍ፣ ኪታብ፣ ሲጠርዙ ኖሩ። ቆዳ ያለብሳሉ፣ ክብ ጌጥ ያትማሉ፣ ምላስ ያወጡለታል፤ ምላስ ማለት ከኋላ ተነስቶ ሽፋኑ ላይ የሚያርፈው ቁራጭ ነው። አባታቸውም ይህንኑ ይሠሩ ነበር። አሁን ቁርአኑ ከነሽፋኑ ታትሞ ይመጣል። የሚያስጠርዝ ጠፋ። አምና ቦርሳ ጀመሩ። እሳቸው ይቆርጣሉ፣ ይለጥፋሉ። እኔ እሰፋለሁ፣ 8ኛን ጨርሼ ት/ቤት ከተውኩ ጀምሮ። ቦታዬ ከበሩ ኋላ ነው። በመንገድ የሚያልፍ ሰው አያየኝም፣ እኔ ግን እግሩን አየዋለሁ። ሐረር ውስጥ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ሶፊ መሄድ አልፈልግም። የራህመት አማት በሄድኩ ቁጥር አገጬን ይዛ «ይቺ ልጅ ምላሷን ማን በላባት?» ትላለች። ይስቃሉ። ሁሌ ያው ቀልድ ነው፣ ሁሌ ይስቃሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9። ከቀኑ 10 ሰ.

አ.ሙ. ሸዋ በር ገበያ ላኩኝ። ሌሎች የሚሸጡትን ቦርሳ አይተሽ ነይ፣ አትግዢ፣ አትጠይቂ አሉኝ። መጠየቅን ለእኔ መከልከል!

ያየሁት፦

«ኦሪጅናል ሌዘር» የሚባለው ጥቁር ዋሌት። ሻጩ በላይተር አቃጥሎ ያሳያል፣ አይቀልጥም ለማለት። ቀለጠ። ሻጩ አላፈረም፣ ሌላ አነሳ።

የወገብ ቦርሳ። ሚኒባስ ተራው ላይ ያሉ ወንዶች ሁሉ ታጥቀውታል። ዚፑ ፊት ለፊት ነው፣ ሆድ ላይ። ሆድ ሲያድግ ዚፑ አይዘጋም። አንዱ በመርፌ ቁልፍ ይዞታል።

የመታወቂያ ማንጠልጠያ አንገት ላይ። መሥሪያ ቤት ያለው ሰው ቅዳሜም አያወልቀውም። ፎቶው ወደ ውስጥ፣ ባዶው ጀርባ ወደ ውጭ ዞሯል። ማንነቱን ለራሱ ደረት ነው የሚያሳየው።

የቁልፍ መያዣ፤ የእንጨት ጅብ የተንጠለጠለበት። ቁልፉ አንድ፣ ጅቡ የእጅ መዳፍ ያህላል። ለቱሪስት ነው ይላሉ። ቱሪስት ሲገዛ አላየሁም፣ የያዙት የሰፈራችን ልጆች ናቸው።

ከሁሉ የተሻለው ሁለት ነው። የሚኒባሱ ረዳት ብሩን በርዝመቱ አጥፎ በጣቶቹ መሃል ይሰካዋል፣ ሳያይ ያወጣል፣ ሳያይ ይመልሳል። ከሶፊ ጫት ይዘው የመጡት ሴቶች ደግሞ ወገባቸው ላይ በታጠቁት ጨርቅ ይቋጥሩታል። ሲተኙም ይዞ ይተኛል፣ ሲሮጡም ይዞ ይሮጣል። ቆዳ የለው፣ ጌጥ የለው፣ ሙጫ የለው።

ለአ.ሙ. ምን ልበላቸው? ደህና ነው፣ አልሃምዱሊላህ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12። ከቀኑ 7 ሰ.

ዛሬ ሞትኩ።

ነፊሳ በርበሬ አምጪ ብላ እትዬ አስካለ ጋ ላከችኝ። እትዬ አስካለ ሸዋ በር ገበያ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ የድሮ ጎረቤታችን ናቸው። እናቴ በሕይወት ሳለች ጓደኛሞች ነበሩ። ጾም አይሉ፣ ፋሲካ አይሉ፣ እኔን ካዩ መቀለድ ነው። ገና ከሩቅ «መጣች ጸጥታዬ! ዛሬስ ስንት ቃል ይዘሽልኝ መጣሽ፣ ሁለት ነው ሦስት?» አሉ። ገበያተኛው ሁሉ ዞረ።

በአንድ እጄ ዘይት፣ በአንድ እጄ የበርበሬው ፌስታል። ቦርሳው ኪሴ ውስጥ። «ተዪ፣ ብሩን ራሴ ላውጣው» ብለው ቦርሳውን ከኪሴ ሳቡት። ምላሱን አነሱ፣ ከፈቱት።

ያለው ሁሉ ፈሰሰ። ሳንቲሙ፣ መታወቂያዬ፣ የእናቴ ፎቶ፣ ሁሉም በርበሬው ክምር ላይ። ሳንቲሙ ጠልቆ ገባ።

«በስመ አብ! ይሄ ቦርሳ ነው ወንፊት? አጎትሽ ኪሱን ቁልቁል ነው እንዴ የሰፉት!»

ሳቁ። ጎረቤታቸው ሽንኩርት ሻጭም ሳቀ። እኔ በጣቴ በርበሬ እቆፍራለሁ። አስነጠሰኝ። የበለጠ ሳቁ።

እናቴ ፎቶው ላይ ፊቷ ቀልቷል። ጠረግኩት፣ አይለቅም።

እትዬ አስካለ ልበ ሙሉ፣ እጀ ደንባራ ናቸው። ቦርሳ ይዘው አያውቁም፤ ብራቸውን ደረታቸው ውስጥ ነው የሚያኖሩት። በመዝገቡ የምጽፈው ይህን ብቻ ነው፦ «ቦርሳው ደህና። ሴትዮዋ ደህና አይደሉም።»

ያው ቀን። ከቀኑ 11 ሰ.

ሃያ ጊዜ ከፈትኩት። ሃያ ጊዜ ምንም አልወደቀም። ታዲያ ምንድን ነው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14። ከቀኑ 9 ሰ.

ዛሬ የነፊሳ አፎቻ ተራ ነበር። በየተራ ቤት ለቤት የሚሰበሰቡ ሴቶች፣ ለሠርግም ለሐዘንም የሚረዳዱ። እኔ ሳህን አመላላሽ ነኝ። ስንት ዓመት ሳህን ሳመላልስ አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሳንቲም የሞላ ቦርሳ ይዤ፣ ጌጡን እዩልኝ፣ ውስጡንም እዩልኝ አልኩ። ድምፄን ስለማያውቁት ደነገጡ። አንዷ ለሌላዋ አቀበለች። ሰባት ሴት ከፈተው። ማሻአላህ አሉ። አንድ ሳንቲም አልወደቀም።

እንግዲህ ጥፋተኛዋ እትዬ አስካለ ናቸው ማለት ነው። ልቤ ግን አልተኛልኝም። ሳህኑን ሳላጥብ ሸዋ በር ወረድኩ። ሁለት ጊዜ ከመንገድ ልመለስ ነበር።

እትዬ አስካለ ጨርቅ አነጠፉልኝ፣ «ለበርበሬዬ ስል» ብለው። ከፈቱት። ፈሰሰ።

በደንብ ይያዙት አልኳቸው። ተቆጡ። «ምን አጠፋሁ? ዳዊቴን እንደምይዘው ነው የያዝኩት!»

ዳዊታቸውን ከቅርጫት አወጡና አሳዩኝ። የተጠቀለለበትን ጨርቅ ፈቱ፣ ሳሙት፣ ገለጡት። ማጠፊያው በግራ ነው።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

የአ.ሙ. ቦርሳ ማጠፊያው በቀኝ ነው። እንደ ቁርአን። ምላሱም ከግራ ነው የሚመጣው፣ እንደ ቁርአን። ሲሠሩት እጃቸው ሌላ ነገር አያውቅም። የእኛ እጅ የቆዳ ሽፋን፣ ክብ ጌጥና ምላስ ሲያይ ሳያስብ ማጠፊያውን ወደ ቀኝ ያደርጋል፣ ኪሱ አፉ ወደ ላይ ሆኖ ይከፈታል። ሌላው ሰው ግን ማጠፊያው በግራ እስኪሆን ያዞረዋል። ጌጡ ክብ ነው፣ ቢገለበጥም አይታወቅም። የውስጡ ኪስ ግን ተገልብጧል። አፉ ወደ መሬት ነው። ምላሱ ሲነሳ ያለው ሁሉ ይፈሳል።

አርባ ቦርሳ። አርባውም።

ጠራዡ፣ ሰፊዋ፣ ሚስትየዋ፣ አፎቻው፣ ሁላችን የአንድ ቤት እጅ ነን። እኔ ደግሞ ስምንት ዓመት ት/ቤት የአማርኛ መጽሐፍ ከግራ ስገልጥ የኖርኩ። አንተንም፣ ደብተር፣ ከግራ ነው የምከፍትህ። እና አላየሁም! ሦስት ቦርሳ ለስንት ሳምንት ይዤ ስዞር ለአንድ ሰው እንኳ ያዝልኝ ብዬ አልሰጠሁም። ስለማፍር። አ.ሙ.ን ስሰድብ የከረምኩት እኔ ነኝ ከሁሉ የባስኩት ሞካሪ።

አርብ፣ ጥቅምት 15። ከቀኑ 9 ሰ.

ከጁምዓ እስኪመለሱ ጠበቅኩ። ዓረፍተ ነገሩን ሰባት ጊዜ በልቤ አልኩት። ሲገቡ ሦስት ቃል ብቻ ወጣኝ፦ «አጎቴ፣ ቦርሳው ያፈሳል።»

የቱ ጋ ተቀደደ አሉ። አልተቀደደም አልኩ። አሳየኋቸው፣ አዙሬ ከፈትኩት፣ ሳንቲሙ እግራቸው ሥር ወረደ። ሳንቲሙን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ፣ የወደቅኩት እኔ እንደሆንኩ አድርገው።

«ገልብጠሽ የያዝሽው አንቺ ነሽ።»

የእትዬ አስካለን ነገርኳቸው። ዳዊቱንም።

«ቁርአን የተማረ እጅ አያፈስም።»

«ያልተማረውስ?» አልኩ። ከየት እንደወጣ አላውቅም።

«ይማር!»

ነፊሳ ከጓዳ ሳል አፈናት። ሳቅ ነው።

ከዚያ ረጅም ንግግር። አባታቸው ከቀኝ ነው የጠረዙት። የአባታቸው አባት ከቀኝ ነው የጠረዙት። ከግራ የሚከፈት ነገር ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም፣ ኢንሻአላህ አይወጣም። ቦርሳ ቁርአን አይደለም ማለት አማረኝ። ሰው እጣን ማሸጊያ፣ ሲጋራ ማኖሪያ ያደርገዋል ማለት አማረኝ። ጣቶቼን ቆጠርኩ።

ሲወጡ ግን አንዱን ቦርሳ አንስተው በአውራ ጣታቸው ጌጡን ሲያሹት አየሁ። ካለፈው ረመዳን ወዲህ አንድም ቁርአን አልጠረዙም። ይህችን ታህል አዘንኩላቸው። ይህችን ታህል ብቻ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18። ከቀኑ 8 ሰ.

አ.ሙ. አላናገሩኝም። እኔም አላናገርኳቸውም፤ እኔ ሳላናግር ቀኑን ብውል ግን ማን ያስተውላል?

ነፊሳ ከአልጋ ሥር ሻንጣ አውጥታ አራገፈች። ለማን እንደሆነ አላለችም። ሻንጣው፦ ዚፑ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል፣ እጀታው በሽቦ ታስሯል፣ ጎማው አንድ ብቻ ነው። የሶፊን መንገድ በእንደዚህ ያለ ሻንጣ? አህያ ይሻላል።

ራህመት ደወለች። ልጆቹ ሰላም ይሉሻል አለች። ከኋላዋ አማቷ «ምላስሽን ይዘሽ ነይ በያት» ስትል ሰማሁ።

ለምን አስባለሁ? ነጋዴው ይምጣ፣ ይክፈት፣ ይፍሰስበት፣ ይሂድ። አ.ሙ. ይፈሩ። ከዚያስ? የስልክ ጠጋኙ ቦታዬ ላይ ተቀምጦ የኔን በር እያየ ይጠግናል። እኔ የሰው ልጅ አፍንጫ እጠርጋለሁ። እሳቸው ለአንድ ቀን ያፍራሉ፣ እፍረቱን ግን የምኖረው እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20። ከጠ. 5 ሰ.

አ.ሙ. ቆዳ ሊያዩ ኤረር በር ሄዱ። ነፊሳ ገበያ። በሩን ገርበብ አደረግኩ።

የውስጡ ኪስ ለብቻው ተቆርጦ ነው ከሽፋኑ ጋር የሚሰፋው። የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ስፌቱን ተረተርኩት። ኪሱን አዙሬ አፉን በእኛ አያያዝ ወደ ታች አደረግኩት። ወስፌ አላስፈለገኝም፤ ቀዳዳው በቀዳዳው ላይ ተገጠመ፣ አንድም ሳይዛነፍ። ክሩን በሰም አሽቼ መልሼ ሰፋሁት። በቃ! ሽፋኑ ያው፣ ጌጡ ያው፣ ምላሱ ያው። ከግራ ይከፈታል፣ አያፈስም።

እንዲህ ቀላል መሆኑ አናደደኝ። ለዚህ ነው የአያት ቅድመ አያት ስም የተጠራው?

ያው ቀን። ከቀኑ 6 ሰ.

ሁለተኛው አለቀ። ሦስተኛው ላይ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ነፊሳ ነበረች። በሩ ላይ ቆመች። የተተረተረውን አየች፣ ክሩን አየች። ምን እያደረግሽ ነው አላለችም። «ሲመጡ በሳል ምልክት እሰጥሻለሁ» አለችና ገባች።

ይህችን ሴት በዚህ ደብተር ስንት ቦታ ላይ ሰድቤአታለሁ። አልሰርዘውም። ግን ይኸው፣ ይህም ይጻፍላት።

አርብ፣ ጥቅምት 22። ከቀኑ 8 ሰ.

በጁምዓ ሰዓት የመጨረሻውን ሰፋሁ። ስድስት ሆኑ። ከዚያ በላይ ጊዜ የለኝም። በነጠላዬ ጠቅልዬ ከመቀመጫዬ ሥር። አርባው ላይ ስድስት ቢጎድል አ.ሙ. ይቆጥራሉ ብዬ ፈራሁ። አልቆጠሩም። ሙጫ ሲያቦኩ ዋሉ።

ምን ላደርጋቸው እንደሆነ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23። ከቀኑ 9 ሰ.

ቅደም ተከተሉን እንዳልረሳ።

ነጋዴው ከጠ. 4 ሰ. መጣ። በወገቡ ሁለት ስልክ፣ በቀበቶው የቁልፍ ቀለበት (ስምንት ቁልፍ፣ አንድ ጠርሙስ መክፈቻ)፣ በራሱ ላይ የፀሐይ መነፅር፣ በደረት ኪሱ ሌላ የፀሐይ መነፅር። ሲራመድ እንደ ግመል ይንቃጨላል። የራሱ ዋሌት ከኋላ ኪሱ ሱሪውን ገፍቶታል፣ አብጦ፣ በላስቲክ ታስሮ። ይህ ሰው ነው ስለ ቦርሳ የሚፈርደው።

አ.ሙ. ቦርሳዎቹን በቀይ ጨርቅ ላይ ደርድረዋል። እኔ ከበሩ ኋላ። ነፊሳ ሻይ አቀረበች፣ ተመለሰች።

ሰውዬው አንዱን አነሳ። ጌጡን አደነቀ፣ ስፌቱን በጥፍሩ ሞከረ። (ጠንካራ ነው። የኔ ነው።) ከዚያ አንድ ልፈትነው ብሎ የራሱን ላስቲክ ፈታ። ካርዱን፣ መታወቂያውን፣ ትርፍ ሲም ካርዱን ውስጡ አስገባ። አ.ሙ. ከፍተው ስለያዙለት ገባ። ዘጋው፣ ኪሱ ከተተው፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ፣ አወጣው፣ አዞረው፣ ከፈተው።

ካርዱ መሬት። መታወቂያው ሻይ ብርጭቆው አጠገብ። ሲም ካርዱ የዱቄት ሙጫው ሳህን ውስጥ።

ሳቀ። ደግ ሳቅ አልነበረም። «አባባ፣ ይሄ ቦርሳ ከሌባ ጋር ተነጋግሮ ነው እንዴ የተሠራው?» አለ። ሌላ አነሳ፣ ባዶውን ከፍቶ አየ፣ ሌላም። ሁሉም ቁልቁል ናቸው አለ። ግድግዳ ላይ ለማንጠልጠል ይሆን ይሆናል አለ፤ በርካሽ ከሰጡኝ ለጌጥ እወስዳለሁ። ሲሙን በስፒል ያወጣል፣ ይስቃል።

አ.ሙ. «ከቀኝ ነው» ሊሉ ፈልገው አፋቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። የኔ ነው። በሌላ ሰው ፊት ላይ አይቼው አላውቅም ነበር።

ተነሳሁ። ለምን እንደተነሳሁ አትጠይቀኝ። ነጠላዬን ፈትቼ ስድስቱን ቀዩ ጨርቅ ላይ አኖርኩ። አንዱ ወደቀ። ሰውዬውን ሳላየው፣ የቁልፉን ቀለበት እያየሁ፣ «የመጀመሪያው ከቀኝ ይከፈታል፣ ቁርአን ለተማረ ሰው። ይኸኛው ከግራ ነው። ይክፈቱት» አልኩ።

ከፈተው። ገለበጠው። አራገፈው። ምንም።

ሌላውን። ምንም።

ሳቁ ሄደ። ስድስቱን ለብቻ አስቀመጠ። እንዲህ ከሆኑ አርባውን እወስዳለሁ፣ ሌላ አርባም አዝዛለሁ አለ። ከዚያ ጠየቀ፤ ይሄንን ማን ነው የሠራው?

አ.ሙ. ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ሁለት ዓይነት ነው የምሠራው። እንደ ሰዉ እጅ።»

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ፣ ጎበዝ ነዎት አባባ አላቸው። እኔን ሻይ ድገሚኝ አለኝ።

ደገምኩት።

እሁድ፣ ጥቅምት 24። ከጠ. 3 ሰ.

ቤቱ ሠርግ መስሏል። ነፊሳ ሻንጣውን አልጋ ሥር መለሰች። ራህመት ተደወለላት፣ ሰሚራ አትመጣም ተባለች። ቦታዬ ተረፈ። ደስ ይበልሽ ይሉኛል።

አላለኝም።

አ.ሙ. ጠዋት ሠላሳ አራቱን ቦርሳ ተሸክመው አምጥተው ጭኔ ላይ ቆለሉት። «እነዚህንም እንደዚያ አድርጊ» አሉ። እንደዚያ። ምን እንደሆነ እንኳ አይጠሩትም። እሳቸው አይነኩትም፤ የሳቸው እጅ ከቀኝ ነው። ከግራውን የሚሠራው የኔ እጅ ነው፣ «እኔ ነኝ» የሚለው የሳቸው አፍ ነው።

በወገብ ስልክ የታጠቀ ሰው ቢንቀኝ ምንም አይደለም። ያ ሰው ሁለት መነፅር ይዞ ፊት ለፊቱ ያለውን አያይም። አ.ሙ. ግን ያውቃሉ። አውቀው ነው ያሉት፣ እኔ ፊታቸው ቆሜ። አንድ ቃል ትናገራለች ብለው አልሰጉም። ሰሚራ ናት፣ ዝም ትላለች። አልጠፋም ከቤት፣ አይጠፋብኝም ቦርሳ፣ አይወጣኝም ቃል።

ያው ቀን። ከቀኑ 10 ሰ.

አንድም አልተረተርኩም። ክምሩ እንዳለ ነው።

ወሰንኩ። ነገ ቁጭ እላለሁ፣ ወስፌም መርፌም አልነካም። ለምን ካሉኝ እነግራቸዋለሁ። ሰውዬው የማን እጅ እንደሆነ እስኪያውቅ አንድ ስፌት አልሰፋም። ሶፊ ሂጂ ካሉኝ ሻንጣውን ራሴ አወጣዋለሁ። ዚፑን እሰፋዋለሁ።

ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይነድዳል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25። ከጠ. 5 ሰ.

በ2 ሰ. ገባሁ። ተቀመጥኩ። አ.ሙ. ክር አቀበሉኝ። አልተቀበልኩም። ክሩ በመሃላችን ቆየ።

ምነው አሉ።

ማታ ያዘጋጀሁት ረጅም ነበር። የቀረልኝ ይህ ነው፦ «አጎቴ፣ እኔ ነኝ ያዞርኩት። ሰውዬው ይወቅ።»

ቢላዋቸውን አስቀመጡ። ይጮኻሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አልጮኹም። ነፊሳ ከጓዳ መፍጨቷን አቆመች። በመንገድ አንድ አህያ፣ ሁለት ሰው፣ ሌላ አህያ አለፈ።

«ወላሂ፣ ያን ቀን አፌ ነው የቀደመኝ» አሉ። ይቅርታም አይደለም፣ ምንም አይደለም። ስልካቸውን አወጡ፣ መነፅራቸውን ፈለጉ፣ ቁጥሩን በጣታቸው እየተከተሉ መቱ። ራህመት ጋ የሚደውሉ መሰለኝ፤ ሶፊ አልኩ በልቤ፣ እሺ።

ስልኩን ለእኔ ዘረጉት።

«እኔ አፍሬያለሁ፣ አልችልም። አንቺ ንገሪው።»

እኔ! በስልክ! ለማያውቀኝ ሰው! እሳቸው ስላፈሩ እኔ እንድናገር። ከዚህ ቤት እንደዚህ ያለ ፍርድ ብቻ ነው የሚወጣው። ልመልሰው እጄን ዘረጋሁ፣ እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። ስልኩ ይጠራል። ነፊሳ በመጋረጃው ጫፍ ብቅ አለች።

አነሳ። «ሀሎ፣ አባባ ሙክታር!» አለ። ከኋላው የመኪና ጡሩምባ።

አይደለሁም አልኩት። ሰሚራ ነኝ።

«የቷ ሰሚራ?»

ነገርኩት።